ቲሩፓቲ ተራራ ላይ ብርቅዬ ወፍና የእጣን ዛፍ አየሁ፤ ቦታውን ልጻፈው ወይስ ልደብቀው?

ሰባት_ኮረብታ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደቡብ ሕንድ ነው፣ አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ ቲሩፓቲ የምትባል ከተማ። ለትምህርት ነው የመጣሁት። ትምህርቴ ከወፍም ከዛፍም ጋር አይገናኝም፣ አካውንቲንግ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ የጀማሪ ነው፣ አትሳቁብኝ።

ከተማዋ ከተራራ ሥር ናት። አናቱ ላይ ትልቁ የቲሩማላ ቤተ መቅደስ አለ፣ ሰዉ ከየአገሩ እየመጣ ይሳለማል። ከአሊፒሪ ተነስቶ በእግር ለሚወጣ 3,550 ደረጃ ነው። ግሸን የወጣ ሰው ይገባዋል። እኔ የምወጣው ለስፖርት ነበር፣ አሁን ግን ወፍ ማየት ለምዶብኛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ጠዋት ከደረጃው ትንሽ ወጣ ብዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ውሃ ስጠጣ አንድ ወፍ መጣ። ጉሮሮው ደማቅ ቢጫ ነው፣ ጭንቅላቱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ፣ ሌላው አካሉ አመድማ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ ግን በስልኬ አነሳሁት። እዚያው አጠገብ ቅጠሉን ያራገፈ፣ ቅርፊቱ የሚላጥ ዛፍ አለ፣ ግንዱ ላይ እንደ እንባ የደረቀ ነገር ተለጥፏል። ሸተት ሳደርገው ደነገጥኩ። እጣን ነው! ቤታችን ቡና ሲፈላ የሚጨሰው! አብራኝ የምትኖረው ልጅ ቴሉጉ ተናጋሪ ናት፣ «ጉጊላም» ነው የሚባለው አለችኝ፣ እነሱም ቤት ያጨሱታል። የዕፅዋት ትምህርት የሚማር ጎረቤታችን ደግሞ ቦስዌሊያ ኦቫሊፎሊዮላታ ይባላል፣ ከዚህ አካባቢ ውጭ የለም አለ።

ደስታው አላስችል ብሎኝ ፎቶዎቹን ከነሎኬሽኑ የተማሪዎች ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። ግማሹ አጨበጨበ፣ አንድ ልጅ ግን «አሁኑኑ አጥፊው» ብሎ በግል ጻፈልኝ። አልሰማሁትም። በሳምንቱ ስሄድ ሁለት ልጆች ስፒከር ይዘው የወፍ ድምፅ እያጫወቱ ናቸው። ዛፉ ላይ ደግሞ ትኩስ የመጥረቢያ ምልክት አየሁ። በእኔ ምክንያት ይሁን አይሁን እንጃ። ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እና ጥያቄዬ፦ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገኝ በትክክል የሚመዘገበው እንዴት ነው? ቦታውን መጻፍ አለብኝ ወይስ የለብኝም? ደግሞ ክረምት ላይ አገር ቤት ስመጣ ከእኛ የእጣን ዛፍ ጋር ለማስተያየት ትንሽ ቅርንጫፍና ሙጫ ይዤ ብመጣ ችግር አለው?

---

ባለመነጽሩ

እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ። ወፉ ቢጫ ጉሮሮ ቡልቡል ይመስለኛል። በዓለም ላይ ያለው ደቡብ ሕንድ ብቻ ነው፣ እሱም ድንጋያማ ኮረብታ እየመረጠ እዚህም እዚያም ተበትኖ። አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ በጠዋት የሚንጫጫው ቡናማው ቡልቡል ዘመድ ነው፣ ይሄኛው ግን ዓይነ አፋር ነው። እኔ ቱሪስት ይዤ ስዞር ሃያ ዓመቴ ነው፣ ሕንድ የሄድኩት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱን ወፍ ሳላይ ተመለስኩ። ቀናሁብሽ።

ስለ መመዝገብ። ደብተር ያዢ። ስልክ ጥሩ ነው፣ ግን ደብተር ባትሪ አይጨርስም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ስንት እንደነበሩ፣ ምን ሲያደርጉ እንደነበር፣ ምን ላይ እንዳረፉ ይጻፍ። «ፍሬ ሲበላ» ከሆነ የምን ፍሬ? ሳታውቂው ስም አትስጪው፣ መልኩን ብቻ ጻፊ። እዚያው ቆመሽ ጻፊ። ማታ ቤት ገብተሽ ስትጽፊው ወፉ ይቆነጃል፣ ያላየሽው ቀለም ሁሉ ይጨመርበታል። በራሴ ላይ የደረሰ ስለሆነ ነው የምነግርሽ።

ከሁሉም ቦታው እንዳይቀር። የእኛን አገር ታሪክ ልንገርሽ። ሩስፖሊ የሚባል ጣሊያናዊ ልዑል በ1890ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ደቡብ ኢትዮጵያ ሲዞር ቱራኮ የሚባል አንድ የሚያምር ወፍ ያዘ። በ1893 ዝሆን ገደለው። የተሰበሰበው ነገር ወደ ጣሊያን ሲሄድ ወፉ አለ፣ የት እንደተያዘ የሚል ጽሑፍ ግን የለም። ቱራኮው በስሙ ተሰየመለት፣ የት እንደሚኖር ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ማንም ሳያውቅ ቀረ። አሁን ነገሌና ገናሌ አካባቢ እንግዳ ይዘን ሄደን የምናሳየው እሱን ነው።

በሌላ በኩል ነጭ ሳር ፓርክ በ1990 መንገድ ላይ መኪና የገጨው አንድ የሌሊት ወፍ ተገኘ (የሌሊት ወፍ ስል ክንፋም አይጧን አይደለም፣ ማታ የሚበረውን እውነተኛ ወፍ ነው)። ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። ግን ቦታና ቀን ስለነበረው ያ ክንፍ ብቻውን በቂ ሆኖ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። ሙሉ ወፍ ቦታው ሳይታወቅ፣ ክንፍ ከነቦታው። ልዩነቱን አየሽው?

ስለዚህ ቦታውን ጻፊ፣ በደንብ ጻፊ። ለማን ታሳያለሽ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ማታ እመለስበታለሁ፣ እንግዳ እየጠበቀኝ ነው።

---

ሃይደራባድ_የነበረ

እኔ በዚህ «ደብቁት ደብቁት» በሚለው ነገር አልስማማም። ሰው የማያውቀው ነገር ሲጠፋም አይታወቅም።

ከቲሩፓቲ ወደ ሰሜን ካዳፓ የሚባል ወረዳ አለ፣ አንቺም ታውቂው ይሆናል። እዚያ ጀርደንስ ኮርሰር የሚባል ወፍ አለ። ማታ ብቻ የሚወጣ፣ እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሮጥ ባለረጅም እግር ወፍ ነው። ከ1900 በኋላ ያየው ሰው ስላልነበረ ጠፍቷል ተባለ። በ1986 ባራት ቡሻን የሚባል የቦምቤይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመራማሪ የመንደሩን ሰዎች ሥዕል እያሳየ ሲጠይቅ ሲጠይቅ ቆይቶ አንድ ወፍ አጥማጅ በባትሪ ብርሃን ይዞ አመጣለት። 86 ዓመት! ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ቦታው በይፋ ስለታወቀ የስሪ ላንካማሌስዋራ ጥብቅ ሥፍራ ተከለለ። በኋላ የመስኖ ቦይ በመኖሪያው ሊያልፍ ሲል ተጮኸ፣ መስመሩ እንዲቀየር ተደረገ። ቦታውን ደብቀውት ቢሆን ኖሮ ኤክስካቫተሩ ማንን ጠይቆ ይቆም ነበር?

እና እህቴ ለጥፊ። ጥፋተኛው መጥረቢያ የያዘው ነው እንጂ ፎቶ ያነሳው አይደለም።

---

ዝም_ብሎ_አንባቢ

ቀላል መፍትሔ አለኮ። ፎቶውን ለጥፊ፣ ቦታውን ግን ሌላ በይ። ታላኮና ፏፏቴ ነው በይ ለምሳሌ። ሌባውም እዚያ ሄዶ ይድከም 😂

---

ባለመነጽሩ

ዝም_ብሎ_አንባቢ ወንድሜ፣ በቀልድህ አትከፋብኝ፣ ግን ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው።

ሕንድ ውስጥ የጫካ ጉጉት የሚባል ትንሽ ጉጉት አለ። ከ1880ዎቹ በኋላ ተሰውሯል። አንድ ናሙና ግን በ1914 ጉጃራት ውስጥ ተያዘ ተብሎ ሙዚየም ተቀምጧል፣ የያዘው ሪቻርድ ማይነርትስሃገን የሚባል ስመ ጥር እንግሊዛዊ ኮሎኔል ነው። ስለዚህ ፈላጊዎች ያንን ጽሑፍ አምነው ጉጃራት ሄዱ። ምንም የለም። ታዋቂውን ሕንዳዊ የወፍ ተመራማሪ ሳሊም አሊን የሚያህል ሰው እንኳ ፈልጎ አጥቷል። በኋላ ፓሜላ ራስሙሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ የኮሎኔሉን ናሙናዎች አንድ በአንድ ስትመረምር ጉዱ ወጣ። ሰውዬው ከሙዚየም የሌላ ሰው ወፍ ሰርቆ፣ የተሰፋበትን ክርና የተሞላበትን ጥጥ አስተካክሎ፣ በራሱ ስም የውሸት ቦታና የውሸት ቀን ጽፎበት ነው። እሷና ጓደኞቿ የውሸቱን ትተው ድሮ በእውነት የተያዙበትን ቦታ ይዘው ወጡ፣ በኅዳር 1997 ማሃራሽትራ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ዛፍ ላይ ተቀምጦ አገኙት። 113 ዓመት አልፎት።

በአንድ ውሸታም ወረቀት ስንት ሰው ስንት ዘመን ደከመ! ደብቅ ተብሎ ተፈቅዷል፣ ዋሽ ግን አልተባለም። ባዶ ቦታ ነገ ይሞላል። የውሸት ቦታን ማን ያርመዋል?

አሁን ወደ ሃይደራባድ_የነበረ። ያልከው ልክ ነው፣ ጀርደንስ ኮርሰርን ያተረፈው መታወቁ ነው። ግን ለማን መታወቁ? ለመንግሥት፣ ለማኅበሩ፣ ለመንደሩ ሰው። ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ፒን አልተጣለም። ደግሞ ያ ወፍ በኋላ ተመልሶ ለዓመታት ተሰወረ፣ ድምፁ እንደገና ተሰማ የተባለው ገና በነሐሴ 2025 ነው። ተመራማሪዎቹ በፊት እንዴት ያጠኑት እንደነበር ታውቃለህ? በየቁጥቋጦው መሃል አምስት አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ደቃቅ አፈር እያነጠፉ ጠዋት ዱካውን ያነባሉ። ወፉን ሳያዩት፣ ሳያስበረግጉት። ስፒከር ይዘው የመጡት ልጆች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል። ለወፉ ያ ድምፅ ሙዚቃ አይደለም፣ ባላንጣ ሰፈሬ ገባ ማለት ነው። እንቁላሉን ትቶ ለጠብ ይወጣል።

እህቴ፣ በተግባር የምታደርጊው ይህ ነው። ለወፍ ኢበርድ የሚባለውን ተጠቀሚ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሕንድ ውስጥ ወፍ ተመልካቹ ሁሉ የሚመዘግበው እዚያ ነው። በጣም አደጋ ላይ ያሉትን ወፎች ቦታ ራሱ ይደብቃቸዋል። ለዛፉ ኢናቹራሊስት አለ። እዚያ ስትመዘግቢ ቦታውን «ግልጽ»፣ «የደበዘዘ» ወይም «የግል» የማድረግ ምርጫ ይሰጥሻል። የደበዘዘ ካደረግሽው ካርታው ላይ ነጥቡ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ሳጥን ውስጥ የሆነ ቦታ ይወድቃል፣ ትክክለኛው ግን አንቺ ጋ አለ፣ ለምታምኛቸው መክፈት ትችያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ስልክሽ ፎቶውን ሲያነሳ ቦታውን ፎቶው ሆድ ውስጥ ይጽፈዋል። ቴሌግራም ላይ «ፋይል» አድርገሽ ስትልኪው ያ ነገር አብሮ ይሄዳል። ቦታውን ሳትጽፊ ጻፍሽው ማለት ነው። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አጥፊው።

---

ሰባት_ኮረብታ (ጠያቂ)

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! (ሃያ ዓመት ካልክ ጋሼ ነህ።) ፎቶዬን ከፍቼ አየሁት፣ እውነትም ከነሜትሩ ተጽፎበታል። የዋትሳፑን ፖስት አጥፍቻለሁ፣ ስንት ሰው ሴቭ እንዳደረገው ግን ማን ያውቃል።

የቅርንጫፉን ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም። አንድ ክንድ የማይሞላ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

---

ቅጠል_በጋዜጣ

እንዳታደርጊው። ድንጋይ ተሸክሜ ልለምንሽ።

ሕንድ በ2002 የወጣ የብዝኃ ሕይወት ሕግ አላት። የውጭ ዜጋ ለምርምርም ሆነ ለንግድ የሕንድን ዕፅዋትና እንስሳት መውሰድ ከፈለገ በቅድሚያ ቼናይ ካለው ብሔራዊ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። የተማሪ ቪዛ ይዘሽ፣ ያለ ወረቀት፣ በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ያለ ዛፍ ቅርንጫፍ ሻንጣሽ ውስጥ ቢገኝ «አካውንቲንግ ነው የምማረው» ማለት አያድንሽም። ጨካኝ ሕግ ነው እንዳትይ፣ እኛም ጋ አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) አለ፣ ሐሳቡ ያው ነው። ጤፋችን ላይ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ፓተንት ሲያወጣ የተሰማንን እናስታውስ፣ በኋላ እዚያው አገር ፍርድ ቤት ውድቅ ቢሆንም።

ያለሽበት ጫካ ደግሞ ተራ ጫካ አይደለም። ሴሻቻላም ይባላል፣ ቀይ ሰንደል የሚበቅልበት ነው። ዛፉ በተፈጥሮ ያለው ምሥራቃዊ ጋትስ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት ደቡቡ ጫፍ ላይ ነው፣ ለቤት ዕቃና ለሙዚቃ መሣሪያ እየተባለ ወደ ምሥራቅ እስያ በኮንትሮባንድ ይወጣል። በሚያዝያ 2015 እዚያው ጫካ ውስጥ ፖሊስ 20 እንጨት ቆራጮችን በአንድ ቀን ተኩሶ ገድሏል። የደን ጠባቂው ከደረጃው ወጥቶ፣ ቦርሳ አዝሎ፣ ጂፒኤስ ከፍቶ ዛፍ ለዛፍ የሚዞር ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው የቡልቡል ወዳጅ ነው ብሎ አይደለም። ነብርም አለ፣ በ2023 በእግረኛው መንገድ ላይ ልጅ ገድሏል። ብቻሽን አትውጪ፣ ከመንገዱም አትራቂ፣ ከመውጣትሽ በፊት ከደን ቢሮው ጠይቂ።

ስሜ እንደሚነግርሽ የእኔ ሥራ ቅጠል ጋዜጣ ውስጥ ማድረቅ ነው። ግን ሳይቆረጥም ብዙ ነገር ይሠራል። ዛፍ ስታነሺ አንድ ቆንጆ ፎቶ አትበቃኝም። ሙሉውን ዛፍ፣ ግንዱን፣ ቅርፊቱን ቀረብ ብለሽ፣ አበባውን፣ ፍሬውን፣ የቅጠሉን ፊት፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚረሳውን የቅጠሉን ጀርባ። አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጪ፣ መጠኑ እንዲታወቅ።

አሁን የአንቺን ዛፍ ልቆጥቁጠው። ሕንድ ሌላም የእጣን ዛፍ አላት፣ ቦስዌሊያ ሴራታ፣ እሱ ብዙ ቦታ አለ። የሁለቱ ልዩነት ቅጠላቸው ጠርዝ ላይ ነው። ሴራታ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ ስሙም ያንኑ ነው የሚለው። ኦቫሊፎሊዮላታ ደግሞ እንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ጠርዙ ድፍን የሆነ ትንንሽ ቅጠል ነው ያለው። (የእኛው የመተማና የትግራዩ ፓፒሪፌራ ስሙ ወረቀት ተሸካሚ እንደማለት ነው፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ስለሚላጥ።) አንቺ ያነሳሽው ግንድና ሙጫ ብቻ ነው፣ ቅጠል የለውም። ስለዚህ ጎረቤትሽ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከፎቶሽ ማረጋገጥ አይቻልም። ከዛፉ ሥር የወደቀ ደረቅ ቅጠል ፈልጊ፣ መዳፍሽ ላይ ዘርግተሽ አንሺው፣ እዚያው መልሺው።

ካገኘሽ ደግሞ አንድ ነገር ልመንሽ። እዚያ ተራራ ላይ ሳይከስ ቤዶሚ የሚባል አለ። ሆቴል በር ላይ የሚተከለውን ዘንባባ መሳይ ታውቂው የለ? የሱ ዘመድ ነው። ዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት ከሳይከስ ወገን ሁሉ መርጦ ንግዱን በጣም ጥብቅ በሆነው ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እሱን ብቻ ነው። ወንድና ሴቱ ለየብቻ ነው፣ የወንዱን ኮን (እንደ አበባ የሚያገለግለውን) ለመድኃኒት እየቆረጡ ይሸጡታል። ካየሽው ፎቶ አንሺና ለእኔ በግል። ግሩፕ ላይ አይደለም!

---

የከብት_ሐኪም

እኔ ከሌላ አቅጣጫ ልግባ። ሁላችሁም ስለ ብርቅዬ ታወራላችሁ። ተራውንም ጻፊ።

ሕንድ በ1980ዎቹ በጥንብ አንሳ የተሞላች አገር ነበረች። ላም ሲሞት ከመንደር ጥግ ይጣላል፣ ጥንብ አንሳዎቹ አጥንት አስቀርተው ይሄዳሉ። እንደ ቁራ የበዛን ወፍ ማን ይቆጥራል? ቪቡ ፕራካሽ የሚባል ተመራማሪ ባራትፑር አጠገብ ኬኦላዴኦ ፓርክ ውስጥ ቆጥሮ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ቦታ ሲቆጥር ጎጆዎቹ ባዶ ናቸው፣ የቀሩትም አንገታቸውን ደፍተው ዛፍ ላይ ተቀምጠዋል። የድሮው ቁጥር ባይኖር «ድሮ ብዙ ነበሩ መሰለኝ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። በ2007 ነጭ ወገቡ ጥንብ አንሳ ከሺህ አንድ እንኳ በቅጡ አልተረፈም።

ምክንያቱ የተገኘው ፓኪስታን ውስጥ ነው፣ በ2004 ታተመ። ዲክሎፌናክ! እኛ ለወገብ ሕመም የምንወጋው መድኃኒት። ለከብት ይሰጣል፣ ከብቱ ይሞታል፣ ጥንብ አንሳው ይበላል፣ ኩላሊቱ ቀጥ ይላል። በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት እንዳይሆን ከለከሉት፣ በምትኩ ሜሎክሲካም የሚባል ጥንብ አንሳ የማይገድል አለ። ቢሾፍቱ ስንማር ይህን የነገረን አስተማሪ «የናንተ ማዘዣ ሰማይ ድረስ ይደርሳል» ይለን ነበር። ቄራ አካባቢ ጥንብ አንሳ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ አሁን መቁጠር ጀምሬያለሁ፣ ሌላ ሥራ ያለኝ አይመስልም።

ስለዚህ ሰባት_ኮረብታ፣ በመንገድሽ ላይ ያየሽውን ቁራም ርግብም ጻፊ።

---

ሃይደራባድ_የነበረ

እሺ ተሸነፍኩ፣ ግማሹን። ፒኑ ስህተት ነበር። ግን የመጥረቢያው ምልክት ያለበት ፎቶ ለደን ቢሮው ከነሙሉ ቦታው ይሂድ፣ እሱ እንዳይደበዝዝ።

---

ሰባት_ኮረብታ (ጠያቂ)

ዛሬ ነው የተመለስኩት። ጎረቤታችንና ሁለት ጓደኞቹ አብረውኝ ነበሩ፣ ብቻዬን አልሄድኩም ጋሼ።

መጀመሪያ ደን ቢሮ ገባን። ፎቶውን ከነቦታው አሳየናቸው። የተቀበለን ሰውዬ ዝም ብሎ ብዙ አየው፣ ከዚያ በቴሉጉ የሆነ ነገር ተናግሮ በደብተር ጻፈ። ልጆቹ ሲተረጉሙልኝ ምልክቱ አንድ አይደለም፣ ሙጫ ለመልቀም ሲባል ሌሎችም ዛፎች እንዲህ ይቆረጣሉ ነው ያለው። ስለዚህ በእኔ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ሊሆንም ይችላል።

ከዛፉ ሥር ተንበርክኬ ቅጠል ፈለግሁ። የወደቀው ሁሉ ተፈርፍሯል። ሩብ ሰዓት ያህል ስቆፍር ከድንጋይ ሥር አንድ ያልተሰበረ አገኘሁ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ትንሽ የሚበልጥ። በጣቴ ጠርዙን ዳሰስኩት። ድፍን ነው፣ ጥርስ የለውም! ፊቱንም ጀርባውንም ከእስክሪብቶ ጋር አነሳሁት፣ መልሼ ድንጋዩ ሥር አስቀመጥኩት። ኪሴ ልከተው ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ቅጠል_በጋዜጣ ትዝ አልከኝ።

ቡልቡሎቹንም አየኋቸው፣ ሦስት ናቸው። ኢበርድ ላይ ሦስት ብዬ መዝግቤያለሁ፣ ከ14 ቁራ ጋር (ዶክተር ደስ ይበልህ)። ዛፉን ኢናቹራሊስት ላይ ቦታውን አደብዝዤ። ፎቶዎቹ እነሆ፣ ሎኬሽን አጥፍቻለሁ። ሳይከስ አላየንም።

---

ቅጠል_በጋዜጣ

ጎሽ! ጠርዙ ድፍን ከሆነ ጎረቤትሽ ልክ ነው። የጀርባውን ፎቶ ትንሽ ብርሃን ጨምረሽ ላኪልኝ።

---

ባለመነጽሩ

ፎቶ አንድና ሁለት ላይ ጥያቄ የለኝም፣ ቢጫ ጉሮሮ ነው። ሦስተኛውን ግን አጉልተሽ እዪው። ከዓይኑ በላይ ነጭ ቅንድብ አለው፣ ጉሮሮው ቢጫ አይደለም፣ ቢጫው ከጅራቱ ሥር ብቻ ነው። እሱ ነጭ ቅንድብ ቡልቡል ነው፣ እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ እንደ ልብ ነው የሚገኘው። ቢጫ ጉሮሮ የሆነው ሁለት ብቻ ነው።

---

ሰባት_ኮረብታ (ጠያቂ)

ወይኔ። አሁን አየሁት። ሁለት ብዬ አስተካክያለሁ፣ ነጭ ቅንድቡን ለብቻው ጨምሬ።